የመምህሩ የዕረፍት ቀን

የሙያችን ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ድልድዩ፣ ግድቡ፣ የባቡር ሐዲዱና ሕንፃው ናቸው። ሥራዎቹን ያቀዱትና የመሩት ባለሙያዎች ስምም ከዚያ ጋር ይጠቀሳል። ባለሙያውን ቁጥር ያስቆጠረው፣ ሦስት ማዕዘንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ያሳየው መምህር ግን ከታሪኩ ውጭ ይቀራል። ቢታወስም የሚታወሰው በክፍል ውስጥ ባሳለፈው ሰዓት ብቻ ነው። ደወል ተደውሎ ተማሪዎች ከተበተኑ በኋላ መምህሩ ወዴት ይሄድ እንደ ነበር፣ በዕረፍት ቀኑ በምን ይደሰት እንደ ነበር የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ለዚህ ዓመታዊ መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ ይህን ጉዳይ የመረጥሁት፣ የመምህር የዕረፍት ሰዓት የትልቅ ሥራ መነሻ ሆኖ የተገኘበት አንድ እውነተኛ ታሪክ ስላለ ነው።

ባለታሪኩ ፈረንሳዊው መምህር ዣን አንሪ ፋብር ነው። ፋብር በ1823 ተወልዶ በ1915 በ91 ዓመቱ ያረፈ ሲሆን፣ ከ1842 እስከ 1870 ድረስ የኖረው በማስተማር ነው። ዓለም ግን በይበልጥ የሚያውቀው በነፍሳት ተመራማሪነቱ ነው። ከ1879 እስከ 1907 በ10 ቅጾች ያሳተመው የነፍሳት ጥናት ትዝታዎቹ፣ ስለ ንብ፣ ስለ ተርብና ስለ ጢንዚዛ ብቻ የሚናገሩ አይደሉም። ስለ ደመወዙ ማነስ፣ ስለ መማሪያ ክፍሉ፣ ስለ ተማሪዎቹና ስለ ልጆቹም ይተርካሉ። ከዚህም የተነሣ የ19ኛው መቶ ዘመን መምህር ቀኑን እንዴት ያሳልፍ እንደ ነበር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ቅጾች ብዙ ያገኛል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተሰጡት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ ወቅቱም አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። እኛ በዘልማድ ጸደይ ስንል መስከረምንና አደይ አበባን እናስባለን። በባሕረ ሐሳብ ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው። ይህም ከአውሮፓውያን ጸደይ ጋር ተቀራራቢ ነው። የፋብር ታሪክ ደጋግሞ የሚመለስበት ሜይ የተባለው ወር በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 23 እስከ ግንቦት 23 ድረስ የሚውል ሲሆን፣ በደቡብ ፈረንሳይ በፕሮቫንስ አገር ጦስኝ የሚሸትበት፣ ንቦች የሚወጡበትና ቀኑ የሚረዝምበት የጸደይ ማለቂያ ነው።

ጨለማው ክፍልና የጠጠሩ ሜዳ

ፋብር የተወለደው ሴን ሌዎን በተባለች መንደር ከድኻ ገበሬ ቤተሰብ ነው። ወላጆቹ ኑሮ ስላልተሳካላቸው ከከተማ ወደ ከተማ ሲንከራተቱ፣ ልጁም በወጣትነቱ በቦኬር ገበያ ሎሚ እስከ መሸጥና ከቦኬር ወደ ኒም በሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሥራ በቀን ሠራተኛነት እስከ መቀጠር ደርሶ ነበር። በመጨረሻ በአቪኞን ከተማ ወደሚገኘው የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት በውድድር የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ገባ። በ1842 ዲፕሎማውን ይዞ ሲወጣ ገና 19 ዓመት አልሞላውም። የተመደበውም በካርፓንትራ ከተማ ነበር።

የተሰጠው የመማሪያ ክፍል እንደ ምድር ቤት ያለ ነበር። ግድግዳው በስተጀርባው ከነበረው የመንገድ ዳር ፏፏቴ የተነሣ ዘወትር እርጥበት ያዥ ነው። ብርሃን የሚገባው አየሩ ሲፈቅድ በሚከፈተው በር፣ አለዚያም የብረት ፍርግርግ ባለው ጠባብ መስኮት በኩል ነው። ዙሪያውን በግድግዳ ላይ የተመታ ሳንቃ ለተማሪዎቹ መቀመጫ ሆኖ ያገለግላል። በመካከል አንድ የተበላሸ ወንበር፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና አንድ ቁራጭ ጠመኔ ይገኛል። ወደዚህ ክፍል ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ልጆች ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይገባሉ። የመምህሩ የዓመት ደመወዝ 700 ፍራንክ ነበር።

ከትምህርቶቹ ሁሉ ለመምህሩም ለተማሪዎቹም እጅግ ደስ የሚላቸው አንድ ነበር፤ ይኸውም በሜዳ ላይ የሚሰጠው የመሬት ቅየሳ ትምህርት ነው። ትምህርት ቤቱ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አልነበረውም። ወጣቱ መምህር የልኬት ሰንሰለቱን፣ ችካሎቹን፣ ቀስት የሚባሉትን የብረት ምልክቶች፣ ውሃ ልኩን፣ ማዕዘን ማውጫውንና ኮምፓሱን ከዚያው ከ700 ፍራንኩ ገዛ። ትምህርት ቤቱ የሰጠው ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ዋጋው 5 ፍራንክ ያህል የሚገመት አንድ ትንሽ የማዕዘን መለኪያ ብቻ ነበር። መቆሚያ እግር ስላልነበረው እርሱንም ፋብር አሠራለት። ዛሬ በቴዎዶላይትና በቶታል ስቴሽን የምንሠራ ሰዎች እንዲህ ባለው መሣሪያ ፈገግ እንል ይሆናል። ይሁንና አሠራሩ ያው ነው፤ መነሻ መሥመር ይለካል፣ ማዕዘን ይነበባል፣ ቀሪው በስሌት ይገኛል።

ሜይ ሲገባ መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን ጨለማውን ክፍል ዘግቶ ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ ያወጣ ጀመር። ለልጆቹ እንደ በዓል ነበር። ችካሎቹን በትከሻ ተሸክሞ በከተማው መካከል ማለፍ የሚሻሙበት ክብር ሆነ። ለልኬት የተመረጠው ቦታ በአገሩ ቋንቋ ሐርማስ የሚባል፣ ያልታረሰ፣ ጠጠር የሞላበት ጠፍ መሬት ነው። አጥር ስለሌለው ዐይን አይጋረድም፤ የፍራፍሬ ዛፍም ስለሌለበት ልጆቹን የሚያታልል ነገር አይኖርም ተብሎ ታስቦ ነበር።

ነገሩ ግን እንደታሰበው አልሆነም። መምህሩ ችካል እንዲተክል ወደ ሩቅ የላከው ልጅ በመንገዱ ላይ ደጋግሞ ይቆማል፤ ያጎነብሳል፣ ይነሣል፣ እንደገና ያጎነብሳል። የተሰጠውን ምልክትም አያይም። ምልክት ብረቶቹን እንዲሰበስብ የታዘዘው ብረቱን ትቶ ጠጠር ያነሣል። ሌላው ማዕዘን በሚነበብበት ጊዜ ጆሮውን ደፍኖ በእጁ የያዘውን የደረቀ ጭቃ ይፈረፍራል። የሚበዙት ደግሞ ሰንበሌጥ ሲልሱ ተገኙ። ልኬቱ ቆመ፤ መሥመሩም ሳይዘጋ ቀረ።

ፋብር ምክንያቱን ቢጠይቅ ልጆቹ ከእርሱ በፊት የሚያውቁት ነገር ሆኖ ተገኘ። በሐርማሱ ጠጠሮች ላይ አንዲት ትልቅ ጥቁር ንብ በጭቃ ጎጆዋን ትገነባለች። በጎጆዋ ውስጥም ማር አለ። ልጆቹ ጭቃውን ሰብረው ማሩን በሰንበሌጥ ይመጥጡታል። በሀገራችን እረኞች የጣዝማን ማር ከመሬት ቆፍረው እንደሚያወጡ ሁሉ፣ የካርፓንትራ ልጆችም የዚህችን ግንበኛ ንብ ማር ከድንጋይ ላይ ማግኘትን ያውቁበት ነበር።

አንድ መምህር በእንዲህ ያለ ጊዜ ሊያደርግ የሚችለው ብዙ ነገር ነው። ሊቆጣ፣ ሊቀጣ፣ ልጆቹን ወደ ጨለማው ክፍል ሊመልስ ይችል ነበር። ፋብር ግን ማሩን ቀመሰ። ጠንከር ያለ ቢሆንም መልካም ሆኖ ስላገኘው ከተማሪዎቹ ጋር ጎጆ ፍለጋ ገባ። የቅየሳው ሥራ ቆይቶ ቀጠለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የመምህሩን የዕረፍት ሰዓት ለሰባ ዓመት ያህል የያዘ ሥራ ተጀመረ። መነሻው ተማሪዎች መምህራቸውን ያስተማሩባት አንዲት ሰዓት ናት።

የአንድ ወር ደመወዝ

ፋብር ስለ ንቢቱ ለማወቅ ፈለገ። በከተማው መጽሐፍ መሸጫ ሦስት ሊቃውንት፣ ካስቴልኖ፣ ብላንሻርና ሉካስ፣ ስለ ነፍሳትና ስለ መሰሎቻቸው ያዘጋጁት ባለሥዕል መጽሐፍ ነበር። ዋጋው የመምህሩን የአንድ ወር ደመወዝ ያህል ነው። ገዛው። ከዚያ በኋላ ጉድለቱን ለመሙላት ለረዥም ጊዜ በቁጠባ መኖር ግድ ሆነበት። መጽሐፉን አንብቦ ሲጨርስ የንቢቱን ስም ከማወቅ አልፎ፣ ሬዎሚርን የመሳሰሉ ሊቃውንት ከእርሱ በፊት በትንንሽ ፍጥረታት ጥናት ዕድሜያቸውን እንዳሳለፉ ተረዳ።

በዚያው ዘመን ሌላም የዕረፍት ቀን ታሪክ አለ፤ ይህኛው ለእኛ ሙያ ቅርብ ነው። ለመንገድና ድልድይ ሥራ ፈተና የሚዘጋጅ፣ በዕድሜ እኩያው የሆነ አንድ ወጣት ወደ ፋብር መጥቶ አልጀብራ እንዲያስተምረው ጠየቀው። ፋብር በዚያን ጊዜ አልጀብራ አልተማረም ነበር። ይሁንና እሺ ብሎ በሁለተኛው ቀን እንዲመጣ ቀጠረው። በመካከል የነበረችው የዕረፍት ቀን ሐሙስ ናት። ከአንድ የሳይንስ መምህር ክፍል ወፍራም የአልጀብራ መጽሐፍ በጸጥታ አውጥቶ ወደ ቤቱ ወሰደ። መጽሐፉን ሲገልጠው የወጣለት የኒውተን የባይኖሚያል ሕግ ነበር። ስሙ ስለማረከው ከዚያው ጀመረና ፊደላትን እያቀያየረ እያሰላ እስከ ማታ ድረስ ቆየ፤ ሕጉም ገባው። በቀጠሮው ቀን ያንኑ አስተማረ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ከተማሪው በአንድ ትምህርት ብቻ እየቀደመ አብረው ቀጠሉ፤ ተማሪውም ፈተናውን አለፈ።

በ1849 ፋብር በኮርሲካ ደሴት በአዣክሲዮ ከተማ የፊዚክስ መምህር ሆኖ ተሾመ። ደመወዙም ወደ 1,800 ፍራንክ ከፍ አለ። በዚያን ጊዜ ሐሳቡ ወደ ሒሳብ ያዘነበለ ነበር። በ1852 ግን የዕፀዋት ሊቅ የሆነው ሞካን ታንዶን ለጥናት ወደ ደሴቲቱ መጥቶ በፋብር ቤት ተቀመጠ። ሊቁ ከመሄዱ በፊት ከቤቱ የስፌት ዕቃ መቀስና መርፌ ተውሶ፣ በውሃ በተሞላ ሳሕን ውስጥ የቀንድ አውጣን አካል እየከፈተ አሳየው፤ ሒሳቡንም ትቶ ወደ እንስሳትና ወደ ዕፀዋት እንዲያተኩር መከረው። ፋብር በሕይወቱ የተቀበለው የእንስሳት ጥናት ትምህርት ይህ ብቻ እንደ ነበር ይናገራል። በደሴቲቱ የያዘው የንዳድ በሽታ ስላስቸገረው በ1853 ወደ አቪኞን ተዛወረ።

የሐሙስ ጉዞ

በአቪኞን ሊሴ የፋብር ደመወዝ 1,600 ፍራንክ ነበር። ቤተሰቡ እየበዛ ሲሄድ ደመወዙ ባለበት ቆመ። ጉድለቱን የሚሞላው በግል ትምህርት ነው። ከ1866 ጀምሮም የከተማውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በኀላፊነት ይጠብቅ ነበር። እንዲህ ባለው ኑሮ ውስጥ ለራሱ የምትቀረው ጊዜ እሑድና ሐሙስ ብቻ ናት። በዚያን ዘመን በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ሐሙስ የሳምንቱ መካከል የዕረፍት ቀን ነበር።

ከትዝታዎቹ ቅጽ አንድ መጀመሪያ ላይ የሚገኘው ትረካ ከእነዚህ ጉዞዎች አንዱን የሚመለከት ነው። አምስት ወይም ስድስት ሆነው ይሄዳሉ፤ መምህሩ በዕድሜ የሚበልጣቸው ቢሆንም ከመምህርነቱ ይልቅ ጓደኝነቱ ይጎላል። ወቅቱ ጸደይ ነው፤ በመንገዱ ዳር ያለው ቁጥቋጦ አብቧል። የሚሄዱትም ከአቪኞን ማዶ ሌዛንግል በተባለው አሸዋማ ከፍታ ላይ፣ እበት አድቦልቡሎ ወደ ኋላ እየገፋ የሚወስደው ጢንዚዛ ወጥቶ እንደ ሆነ ለማየት ነው። የጥንት ግብፃውያን የቀደሱትን ይህን ጢንዚዛ ለማየት እንጂ ለሌላ ለምንም አይደለም። በጉዞው የሚገኝ ገንዘብ፣ የሚጨመር ማዕረግ የለም።

ይሁንና ይህ የዕረፍት ቀን ደስታ ከጨዋታነት ያለፈ ውጤት ሰጠ። በአንድ የክረምት ምሽት ፋብር፣ ሊዮን ዱፉር የተባለው ሊቅ ስለ አንዲት ጢንዚዛ አዳኝ ተርብ የጻፈውን ጥናት ያነባል። ዱፉር ተርቧ ለልጆቿ ቀለብ የምታከማቻቸው ጢንዚዛዎች ሞተው ሳለ የማይበሰብሱት በመርዟ ውስጥ መበስበስን የሚከለክል ነገር ስላለ ነው ብሎ ነበር። ፋብር ጉዳዩን በሜዳ ላይ ተከታትሎ ጢንዚዛዎቹ አለመሞታቸውን፣ ነገር ግን በተርቧ መውጊያ ሽባ መሆናቸውን አሳየ። ቀለቡ የማይበሰብሰው በሕይወት ስላለ ነው። ጥናቱ በ1855 ታተመ፤ በ1856 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ለሥራው ሽልማት ሰጠው። ቻርልስ ዳርዊንም ተወዳዳሪ የሌለው ተመልካች ብሎ ጠራው።

አሠራሩ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ፋብር ግምትን ከልኬት ይለያል፤ አንድ ነገር ሲጠረጥር ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እየለየ ይፈትናል፤ ውጤቱን በቁጥር ይመዘግባል፤ ያልጠበቀውን ውጤት አይደብቅም። በሜዳ ላይ ችካል ተክሎ መሥመሩ እስኪገጥም ድረስ የሚመላለሰው ቀያሽ ትዕግሥት በተርቧ ጎጆ ፊትም ይታያል። አንድ ቀን በማለዳ በሠረጉድ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተርብ ሲጠባበቅ ሦስት ወይን ለቃሚ ሴቶች አዩት። ማታ ሲመለሱም ከዚያው ቦታ አገኙት። አእምሮው የተነካ ምስኪን ነው ብለው አማተቡ ይላል። ሐሙስን እንዲህ የሚያሳልፍ መምህር ለጎረቤቱ የሚገባ ሰው አልነበረም።

በዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ መጨመር ተገቢ ነው። ፋብር ያየው ሁሉ ትክክል አልነበረም። ተርቧ መውጊያዋን ዘወትር በማይዛነፍ ሁኔታ ከአንድ ነጥብ ላይ ታሳርፋለች ማለቱን በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ከልክ ያለፈ ሆኖ አግኝተውታል። የዳርዊንንም የዝግመተ ለውጥ ትምህርት እስከ መጨረሻው አልተቀበለም። የሽባነቱ ግኝት ግን ጸንቶ ቆይቷል።

ቀይ ቀለምና የተዘጋው በር

የመምህሩ ሕልም በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት የሚታጭ ሰው የግል ሀብት ያለው እንዲሆን ይጠበቅ ነበር። ፋብር ይህን ገንዘብ በራሱ ዕውቀት ለማግኘት አሰበ። በአቪኞን ዙሪያ ያለው አገር ጋራንስ የተባለው ተክል የሚለማበት ነበር። የተክሉ ሥር ጨርቅ የሚነከርበትን ቀይ ቀለም ይሰጣል። ፋብር በሴን ማርሲያል ቤተ ሙከራው ከማስተማር በሚተርፈው ጊዜ ቀለሙን ከሥሩ አጣርቶ በቀጥታ ለማተሚያ የሚሆንበትን ዘዴ ለዓመታት ፈለገ፤ አገኘም፤ የባለመብትነት ማረጋገጫም አወጣ። ፋብሪካው ሥራ በጀመረበት ጊዜ ግን በ1868 ግሬበና ሊበርማን የተባሉ ጀርመናውያን ኬሚስቶች ያንኑ ቀለም ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በሚገኝ ንጥረ ነገር መሥራትን አገኙ። ሰው ሠራሹ ቀለም ገበያውን በጥቂት ዓመታት ያዘ፤ የጋራንስ እርሻም ጠፋ። የመምህሩ የብዙ ዓመት የምሽት ልፋት ከንቱ ሆነ። በኢንዱስትሪ ታሪክ የጀርመን ኬሚስቶች ድል ሆኖ የተመዘገበው ይህ ጉዳይ፣ በአቪኞን ለአንድ ቤተሰብ የተስፋ መቆረጥ ነበር።

በዚያው ዓመት በ1868 ፋብር የሌዥዮን ዶነር ኒሻን ተሸለመ። የትምህርት ሚኒስትሩ ቪክቶር ዱሩይ ወደ ፓሪስ አስጠርቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ከናፖሊዮን 3ኛ ጋር አስተዋወቀው። መምህሩ ግን በፓሪስ ብዙ መቆየት አልፈለገም፤ ጦስኝ ወደሚሸትበት ኮረብታው ለመመለስ ቸኮለ። በዱሩይ ዕቅድ መሠረት በሴን ማርሲያል ለሕዝብ የሚሰጥ ነፃ ትምህርት ተከፍቶ ነበር። ፋብር ለልጃገረዶችም ጭምር ስለ ፊዚክስና ስለ ተፈጥሮ ያስተምር ነበር፤ አዳራሹም ይሞላ ነበር።

የመውደቂያው ምክንያት አበባ ነው። አበባ እንዴት እንደሚያፈራ፣ የወንዴው ዘር ከሴቴዋ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ለልጃገረዶች ማስረዳቱን እንደ ነውር የቆጠሩ ሰዎች ክስ አነሡበት። ዱሩይ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ የሚከላከልለት አልነበረም። ትምህርቱ ቀረ፤ የተከራየውንም ቤት በአንድ ወር ጊዜ እንዲለቅ ታዘዘ። ከ28 ዓመት አገልግሎት በኋላ በ1870 ከትምህርት ቤቱ ሲወጣ የተጠራቀመ ገንዘብ አልነበረውም። የደረሰለት በአቪኞን የኖረው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል ነው። ሁለቱ ዕፅዋት በመሰብሰብ አብረው ይወጡ ነበር። ሚል ምንም የጽሑፍ ማረጋገጫ ሳይጠይቅ 3,000 ፍራንክ አበደረው። ፋብር ወደ ኦራንዥ ከተማ ተዛውሮ ለትምህርት ቤቶች መማሪያ መጻሕፍት እየጻፈ ኖረ፤ ብድሩንም ከዚሁ ገቢ መለሰ።

እንግዲህ የዚህን መምህር ሕይወት በደስታ ብቻ መተረክ አይቻልም። የመጀመሪያ ልጆቹን በሕፃንነታቸው ቀብሯል። በ1877 ደግሞ በነፍሳት ፍለጋ ረዳቱ የነበረውን የ16 ዓመት ልጁን ዡልን በሞት አጣ። ፋብር አዲስ ናቸው ላላቸው አንዳንድ ተርቦች የልጁን ስም ሰጣቸው። ከዚህ ሁሉ ጋር የጸደይ ደስታው አልተቋረጠም። ደስታው ኑሮው ምቹ ስለ ሆነ የመጣ አልነበረም፤ ኑሮው ባይመችም የሚያቆመው አልሆነም።

የሚያዝያ 28 ሌሊት

በ1879 ፋብር በሴሪኛን መንደር አንድ ሄክታር ያህል መሬት ገዛ። መሬቱ ጠጠርና እሾህ የሞላበት፣ እህል የማያበቅል ጠፍ ነው። ስሙንም ሐርማስ አለው። በ20 ዓመቱ ተማሪዎቹን ይዞ ሲለካው የነበረውን ዓይነት ጠፍ መሬት በ55 ዓመቱ የራሱ አደረገው። ገበሬ የማይፈልገው መሬት ንብና ተርብ የሚፈልጉት ነበር። የተቀሩትን 36 ዓመታት ያሳለፈው በዚሁ ነው።

በዚህ ቤት ከታዩት የጸደይ ሌሊቶች በጣም የታወቀው በሜይ 6 ቀን፣ ማለትም በእኛ ሚያዝያ 28 ቀን የሆነው ነው። ጠዋት አንዲት ሴት የእሳት እራት በሥራ ጠረጴዛው ላይ ከድሯ ወጣች። ይህች ዓይነት የእሳት እራት በአውሮፓ ከሚገኙት ሁሉ ትልቋ ናት። ፋብር በሽቦ ወንፊት ክዳን ከደናት። ማታ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ቤተሰቡ ሊተኛ ሲል፣ ትንሹ ልጁ ጳውል ልብሱን እንዳወለቀ በክፍሉ እየሮጠ፣ ወፍ የሚያካክሉ የእሳት እራቶች ክፍሉን እንደሞሉት እየጮኸ አባቱን ጠራ። ሻማ ይዘው ወደ ሥራ ክፍሉ ሲገቡ ወንዶቹ የእሳት እራቶች በሴቲቱ መክደኛ ዙሪያ እየበረሩ፣ ከጣሪያው እየተጋጩ፣ ሻማውን በክንፋቸው እያጠፉ አገኟቸው። በቤቱ ሁሉ የገቡት ወደ 40 ይጠጋሉ።

የሚያስገርመው ይህ ዓይነት የእሳት እራት በአካባቢው በቀላሉ የማይገኝ መሆኑ ነው። ጨለማው ድቅድቅ፣ ቤቱም በዛፎች የተከበበ ነበር። ታዲያ እነዚያ ወንዶች ሴቲቱ በዚያ መኖሯን እንዴት ዐወቁ? ፋብር ለሚቀጥሉት ሌሊቶች መክደኛዋን ከቦታ ቦታ እያዛወረ፣ የአንዳንዶቹን አንቴና እየቆረጠ፣ ሴቲቱን አየር በማያስገባ ሣጥን ውስጥ እየዘጋ ፈተነ። በስምንት ሌሊት 150 ያህል ወንዶች መጡ። በደንብ በተዘጋ ሣጥን ስትቀመጥ ግን አንድም አልመጣም። የናፍታሊን ሽታ ክፍሉን ቢሞላውም ወንዶቹን አላሳታቸውም። ሰው የማያሸተው፣ ነገር ግን ከሩቅ የሚጠራ አንድ ነገር ከሴቲቱ እንደሚወጣ ለማሰብ የሚያበቃ ውጤት ነበር። የጥያቄው መልስ በቤተ ሙከራ የተሟላው ፋብር ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1959 አዶልፍ ቡተናንት ከሐር ትል የእሳት እራት ተመሳሳይ ጠሪ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ፤ በዚያው ዓመትም ለእንዲህ ያሉት ንጥረ ነገሮች ፌሮሞን የሚለው ስም ተሰጣቸው። ዛሬ በፍራፍሬ እርሻ ተባይን ለማጥመድ የሚያገለግለው ወጥመድ በዚህ ዕውቀት የሚሠራ ነው።

በጥቅምት 1915 ፋብር በዚያው በሐርማስ አረፈ። ቤቱና የአትክልት ቦታው በኋላ የፈረንሳይ ብሔራዊ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ንብረት ሆነ።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

የፋብር ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ድኻ መምህር በትጋቱ ብቻ እንደሚያሸንፍ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ይህ አተረጓጎም የተሟላ አይደለም። ደመወዙ ሃያ ዓመት ያህል ሳይጨመር የቆየ፣ ዩኒቨርሲቲ የግል ሀብት ስለሌለው ያልተቀበለው፣ ስለ አበባ በማስተማሩ ከከተማ የወጣ ሰው ታሪክ ነው። ዋናውን ሥራውን የጀመረው ከ55 ዓመቱ በኋላ፣ መምህርነቱን ካጣ በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱ መልካም መምህር አጣ፤ በሴን ማርሲያል የነበሩት ልጃገረዶችም ለሁለተኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ትምህርት ማግኘታቸው አጠራጣሪ ነው። ሳይንስ ያተረፈውን ያህል ትምህርት ቤት ከስሯል።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ዕረፍት ሰዓት ነው። የመምህር የዕረፍት ሰዓት ብዙውን ጊዜ ከሥራ የተቀነሰ ጊዜ ተደርጎ ይቆጠራል። በካርፓንትራ ሜዳ የሆነው ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ፋብር መልካም መምህር የሆነው ራሱ ገና የሚማር፣ ገና የሚደነቅ ሰው ስለ ነበር ነው። ያንን የሚመግበው ሐሙስ ነበር። ሐሙስን የሚመግበውም ደግሞ የተማሪዎቹ ዐይን ነው፤ ንቢቱን ያገኟት እነርሱ ናቸውና። ሁለቱን ለይቶ አንዱን ብቻ መያዝ አይቻልም።

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ወደዚህ ሙያ የገባነው አንድ መምህር ከመጽሐፉ ወጣ ብሎ ያሳየን ነገር ስለ ነበር ነው፤ የተፈታ ሬዲዮ፣ ከሸክላ የተሠራ የምድር ቅርጽ፣ በጥላ የተለካ የዛፍ ቁመት ሊሆን ይችላል። ያን ነገር ለማዘጋጀት መምህሩ የትኛውን ሰዓት እንደ ሰጠ፣ ከየትኛው ደመወዝ እንደ ገዛ አልጠየቅንም። ስለ ትምህርት ቤት ግንባታ ስንመክር የክፍሎችን ስፋት፣ የመስኮቶችን ብዛትና የዴስኮችን ቁጥር እንቆጥራለን፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ፋብር ብርሃን የሌለው ክፍል ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። ከእነዚህ ጋር ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ቢነሣ መልካም ነው፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚያስተምረው ሰው በሳምንቱ ውስጥ ለራሱ የምትሆን አንዲት ቀን፣ ለዚያችም ቀን የሚሆን ጥቂት አቅም ይቀርለታልን? በዲዛይን ሰነዶቻችን ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ መሥመር የለም፤ ትምህርት ቤቱን የምናስረክባቸው አካላት ግን ሊጠየቁበት ይገባል።